ስሙ ሳይወጣ አንቺም አትወጪም

ነገሩ የሆነው ደርግ ሊወድቅ ሦስት ዓመት ገደማ ሲቀረው፣ ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ ደብረ ታቦር ውስጥ ነው። እኔ ዝንጉ ሰው ነኝ፤ ወጡ ላይ ጨው ጨምሬ እንደሆን እንኳ ለልጄ ጮኬ እጠይቃለሁ። ይህችን ቀን ግን አልዘነጋኋትም። ያን ዕለት ነፍሴን ላድን ብዬ የጻፍኳት አንዲት ስም የት ድረስ እንደሄደች ያወቅሁት ዓመታት ካለፉ በኋላ ስለሆነ ነው።

ያኔ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አዲስ አበባ ስድስት ወር ኮምፒውተር ተምሬ፣ ለገበሬው ምርጥ ዘር በሚያከፋፍል አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጠርኩና ወደ ትውልድ ከተማዬ ተመለስኩ። በቢሯችን አንዲት ኮምፒውተር ነበረች፤ የምትሠራው በጄኔሬተር ነው። አላፊ አግዳሚው በመስኮት ብቅ እያለ “የምታስበው ይቺ ናት?” ይላል። እኔም ልጅነት አለብኝና እኮራ ነበር።

የዘር ዝርዝሩን የሚያወጣውን ፕሮግራም የሠራው ደርሶ መኮንን የሚባል የገሳይ አገር ልጅ ነው። አባቴ የቅኔ መምህር ነበሩ፤ ደርሶ በልጅነቱ እሳቸው ዘንድ ሊማር መጥቶ እኛ ደጅ ነው ያደገው። በኋላ ቅኔውን ትቶ አስኳላ ገባ፣ ዩኒቨርሲቲም ደረሰ። አባቴ ግን “ደርሶ” ብለው ጠርተውት አያውቁም። ሁልጊዜ በክርስትና ስሙ “ወልደ ገብርኤል” ነው የሚሉት። ለእኔ እንደ ታላቅ ወንድም ነበር።

ደርሶ ዝምተኛ ቢሆንም አንዲት ኩራት ነበረችው። ፕሮግራሙ በሚያትመው በእያንዳንዱ ወረቀት ግርጌ ስሙ በእንግሊዝኛ ፊደል ይወጣ ነበር፤ ማሽኗ አማርኛ አታውቅማ። ስቀልድበት “የኔታ ያስተማሩኝን ነው ያደረግሁት፤ ጸሐፊ መጽሐፉን ሲጨርስ ስሙን ይጽፍ የለ?” ይለኛል።

ሚያዝያ ላይ ለስብሰባ ብሎ ጎንደር ሄደ፤ በዚያው ቀረ። በመተማ አድርጎ ሱዳን ገባ ተባለ። በዚያን ጊዜ እንዲህ የተባለለትን ሰው ስም ጮክ ብሎ የሚጠራ አልነበረም፤ እኔም አልጠራሁም።

አንድ ጠዋት ጓድ አስፋው ቢሮዬ ገባ። የአውራጃው ካድሬ ነው። ሁለት መቶ ወረቀት አትሜ ጠረጴዛ ላይ ከምሬ ነበር። ግቢው ውስጥ ከጉና ሥር፣ ከእብናት፣ ከገሳይ የመጡ የገበሬ ማኅበር ሊቀ መናብርት በቅሏቸውን አስረው ዝርዝሩን ይጠብቃሉ፤ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ያለዝርዝር መጋዘኑ አይከፈትም። ዝናቡ ጀምሯል፣ ማሳው ታርሶ ተኝቷል፣ ገብስ ደግሞ ቀጠሮ አያከብርም።

ጓድ አስፋው አንዱን ወረቀት አነሳና ግርጌውን አየ። ሁለተኛውን አነሳ። ሦስተኛውንም።

“ይሄ ከሃዲ ሱዳን ሆኖ ነው የሚፈርመው?” አለኝ።

እውነቴን ነው፣ ስሙን አላስተዋልኩትም ነበር። በየቀኑ የሚያዩት ነገር አይታይም። ይህን ብለውም ማን ያምነኛል? ወረቀቱ ሁሉ ግቢው ውስጥ ተቃጠለ። ከዚያ በደርሶ እጅ የተጻፈበትን ዲስኬት ሁሉ እያነሳ ጆንያ ውስጥ መክተት ጀመረ፤ የፕሮግራሙም ቅጂ አብሮ ገባ። ለምኜ ሁለት ብቻ አስቀረሁ፤ አንዱ ማሽኗ ውስጥ ያለው ፕሮግራሙ ራሱ ነው፣ ሌላው ደግሞ ላዩ ላይ “መፋቂያ” የሚል የተጻፈበት።

ጓድ አስፋው አገላብጦ አየውና “በዚህ ነው ጥርሱን የሚፍቀው?” አለ። በር ላይ የቆመው ሚሊሺያ ሳቀ። እኔ ሳቄ አልመጣም።

ስሙን አጥፊው አለኝ። በቀላሉ እንደማይጠፋ ላስረዳው ሞከርኩ። ፕሮግራም መጀመሪያ ሰው የሚያነበው ጽሑፍ ነው፤ ከዚያ ማሽኑ ብቻ ወደሚያውቀው ነገር ይለወጣል። እህል ከተፈጨ በኋላ ዱቄቱን መልሶ ጥሬ ማድረግ እንደማይቻል ማለት ነው። ጥሬው፣ ማለትም ሰው የሚያነበው ጽሑፍ፣ ከደርሶ ጋር ሄዷል። እኛ ዘንድ ያለው ዱቄቱ ብቻ ነው። ስሙ ደግሞ ዱቄቱ መሀል ባለች አንዲት ኪስ ውስጥ ተቀምጧል፤ ኪሷ ፕሮግራሙን ማን እንደሠራው የምትናገር ማስታወሻ ናት።

እስከ መጨረሻው አዳመጠኝና ቁልፉን ከበሩ ነቀለ።

“ስሙ ሳይወጣ አንቺም አትወጪም” አለ። “ማሽኑ ቢበላሽ ደግሞ ሻጥር ነው።”

በሩ ከውጭ ተቆለፈ። መስኮቱ የብረት ፍርግርግ አለው። ሚሊሺያው በርጩማውን በሩ ላይ አስጠግቶ ሲቀመጥ ሰማሁት።

እዚህ ላይ የዚያን ጊዜውን ፍርሃት ለማያውቅ ሰው እንዴት ልንገረው? ስሙ ካልወጣ የከሃዲ ተባባሪ ነኝ። ሳወጣው ፕሮግራሙ ከሞተ የዘር ስርጭቱን ያሰናከልኩ ሻጥረኛ ነኝ። በሁለቱም ወደ አንድ ግቢ ነው የምወሰደው። እዚያ ግቢ የገባ ሰው ወጥቶ ሲያወራ አልሰማንም። ለጄኔሬተሩ የቀረን ነዳጅ ደግሞ ግማሽ ጀሪካን ነበር። ነዳጁ ሳያልቅ ብዬ የመፋቂያውን ዲስኬት አነሳሁ።

መፋቂያው ደርሶ ራሱ የሠራት ትንሽ መሣሪያ ናት። ሥዕል የላት፣ ምን የላት፤ ጥቁሩ ስክሪን ላይ ትእዛዝ ትጽፍላታለህ። የምታውቀው በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጻፍ ሦስት ቃል ነው፤ አሳይ፣ ፋቅ፣ ጻፍ። ሌላውን የፕሮግራሙን ገላ ሳትነካ ያቺን ኪስ ብቻ ትከፍታለች። ስትሠራ ያየሁት አንድ ቀን ነው።

“አሳይ” አልኳት። አሳየች። DERSO MEKONEN። ከአባቱ ስም ውስጥ አንዱን ፊደል ያስቀር ነበር፤ ሲጽፍ ይሰንፋል።

“ፋቅ” ልላት ስል ጣቴ እምቢ አለኝ። የመምህር ልጅ መሆን ጣጣው ይሄ ነው። እኛ ቤት የብራና መጽሐፍ ሲጠገን እያየሁ ነው ያደግሁት። የብራና መጽሐፍ መጨረሻው ላይ የባለቤቱ ስም አለ፤ ከሥሩ ደግሞ የሰረቀውና የፋቀው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን የሚል ግዝት አለበት። መጽሐፍ ገዝተው የፊተኛውን ባለቤት ስም ፍቀው እንዲሰጧቸው አባቴን የሚለምኑ ሰዎች ነበሩ። አባቴ እሺ አይሉም። “ስም ፍቀህ ባዶ አትተው፤ ባዶ ቦታ ፋቂውን ይከሳል” ይላሉ።

እኔ ግን ታስሬያለሁ። አባቴም ጴጥሮስም ጳውሎስም ይቅር ይበሉኝ ብዬ ፋቅ አልኳት።

ስሙ ጠፋ። እንደዚያ ቀን ቀልሎኝ አያውቅም። ፕሮግራሙን አስነሳሁት፤ ዝም አለ። ደግሜ ሞከርኩ። ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ፣ አንዲት ነጥብ እንኳ አልበራችም።

ገደልኩት።

አለቀስኩ፤ ምን ይደበቃል። ሚሊሺያው በበሩ በኩል ምን እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ጉንፋን ነው አልኩት። እሱም ለጉንፋን ጤና አዳም ጥሩ እንደሆነ ነገረኝ።

አለቃቅሼ ሲወጣልኝ ደርሶ መፋቂያዋን ያሳየኝ ቀን ያለኝ ትዝ አለኝ። “ስትፍቂ ልኩን ጠብቂ” ብሎኝ ነበር። ለካ ከኪሷ በኋላ ያለው ሁሉ ቦታውን የሚያገኘው ከፊቱ ያለውን እየቆጠረ ነው። ኪሷ ባዶ ስትሆን የኋላው ወደፊት ተንሸራተተ፤ ማሽኗ ልትፈልገው ስትሄድ ቦታው ላይ የለም። መልሼ ልክ ያንኑ ያህል ነገር ካስገባሁ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ስሙን በእርሳስ ወረቀት ላይ ጻፍኩና ቆጠርኩ። አምስት ፊደል፣ አንድ ክፍተት፣ ሰባት ፊደል። አሥራ ሦስት።

ጓድ አስፋው ምሳውን በልቶ ተመለሰ። ስሙ ወጥቷል፣ ግን በቦታው አሥራ ሦስት ፊደል ካልገባ ማሽኗ አትነሳም አልኩት። ፊቱ በራ።

“ይኼ ነው የቸገረሽ? ኢትዮጵያ ትቅደም በያ!”

በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፍኩለትና አብረን በጣት ቆጠርን። አሥራ አምስት ሆነ። ሁለቱን ቁረጪው አለኝ። ቆርጬ አሳየሁት፤ “ኢትዮጵያ ትቅድ” ሆኖ ቁጭ አለ። ጓድ አስፋው ወደ በሩ ዞር ብሎ ሚሊሺያው እንዳላየ አረጋገጠ፤ ከዚያ ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ አራት ቦታ ቀደደና ኪሱ ከተተው። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር።

ከፊት፣ ከአገሩ ስም ፊደል እንቀንስ ይሆን ስል፣ በአገር ስም ቀልድ የለም አለ። ሌሎች መፈክሮችም ሞከረ፤ አንዱ ይረዝማል፣ ሌላው ያጥራል። የራሱን ስም ግን አላነሳም፤ ብልጥ ነው። “እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ነው ያለሽ” ብሎኝ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። አሁን በሩ ብቻ ሳይሆን ዓይኑም እላዬ ላይ ነው።

በእንግሊዝኛ ፊደል እያሰብኩ በጣቴ ስም መቁጠር ያዝኩ። የአባቴን፣ የእናቴን፣ የጎረቤት። ከዚያ ሳላስበው አንዱ መጣ። ወልደ፣ አምስት። ክፍተት። ገብርኤል፣ ሰባት። ደግሜ ቆጠርኩ። አሥራ ሦስት ነው። እንኳን ድምሩ፣ ክፍተቱ ሳይቀር የተፋቀው ስም ክፍተት ላይ አረፈ።

“ጻፍ” አልኳት። WOLDE GABRIEL።

ፕሮግራሙ ተነሳ። ማተሚያዋ ጮኸች። የመጀመሪያው ወረቀት ሲወጣ ጓድ አስፋው ነጥቆ ግርጌውን አየ።

“ይኼስ ማነው?”

“የመልአክ ስም ነው ጓድ” አልኩት። ውሸቴን ነው፤ መልአኩ ገብርኤል ነው፣ ወልደ ገብርኤል ሰው ነው።

በመንግሥት ወረቀት ላይ መልአክ ምን ይሠራል አለ። ሌላ አሥራ ሦስት ካለዎት ይስጡኝ አልኩት፤ ድፍረቱን ከየት እንዳመጣሁት እንጃ። ውጭ ዝናቡ ወረደ፤ ሊቀ መናብርቱ ጣሪያ ሥር ተሰብስበው ያጉረመርማሉ። ጓድ አስፋው ሰዓቱን አየ፣ ወረቀቱን አየ። በመጨረሻ ማን ግርጌ ያነባል ብሎ ቃለ ጉባኤው ላይ “ስሙ ተፍቋል” ብሎ ጻፈ፤ እኔንም አስፈረመኝ።

ሁለት መቶውን ወረቀት አትሜ አስረከብኩና ወጣሁ። ማታ ለአባቴ ነገርኳቸው። “አልፋቅሽውም እንግዲህ” አሉኝ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ባልጻፍኩት። ከሰኔ ሚካኤል በኋላ አንዲት እናት ጥቁር ጋቢ ለብሰው፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው ቢሮዬ መጡ። እትዬ አንጓች ናቸው፣ የደርሶ እናት። ከገሳይ በእግራቸው ነው የመጡት።

የሆነው እንዲህ ነው። ዘሩ ገሳይ የገባው ያን ሰሞን ነበርና፣ ሰኔ ሚካኤል ዕለት ቅዳሴ ሲወጣ ሕዝቡ ደጀ ሰላሙ ላይ እንዳለ የዘሩ ዝርዝር ይነበብ ተባለ። የእንግሊዝኛ ፊደል የሚያውቅ አንድ ዲያቆን ብቻ ነው፤ እሱ ማንበብ ጀመረ። እገሌ የእገሌ ልጅ፣ ገብስ ይህን ያህል። እገሊት የእገሌ ልጅ፣ ስንዴ ይህን ያህል። ሰውም የየራሱን እየሰማ ይመርቃል። ዲያቆኑ የያዘውን ሁሉ ማንበብ ነው የለመደው፤ ግርጌው ላይ ሲደርስ ያንኑ ዜማውን ሳይቀይር “ወልደ ገብርኤል” አለ። የአባት ስም የለው፣ ገብስ የለው፣ ስንዴ የለው።

ምርቃቱ ተቋረጠ። ስሙ ተጠርቶ ዘር የሌለው ሰው ምን ሊሆን ይችላል? በዚያ ላይ በክርስትና ስም፣ ያውም በቤተ ክርስቲያን ደጅ። አንድ ሽማግሌ ቆባቸውን አወለቁና “ነፍስ ይማር” አሉ። ሕዝቡም ተከትሎ “ነፍስ ይማር” አለ።

እትዬ አንጓች መሀላቸው ቆመው ነበር። ልጃቸውን የወለዱት ለገብርኤል ተስለው ነው። በአገሩ ወልደ ገብርኤል የሚባል ብዙ ነው፤ የእናት ሆድ ግን መቼ ብዙ ያውቃል?

በር ላይ ያ ሚሊሺያ ቆሟል። ደርሶ ብዬ መጥራት አልችልም፣ ያን ቀን ያደረግሁትንም መናገር አልችልም። “እማማ፣ የሞተ ሰው ስም አይደለም፤ የፊደሉ ቁጥር እንዲሞላ የገባ ነው” አልኳቸው። አልገባቸውም። እንዴት ይግባቸው? እጄን ጨብጠው በሹክሹክታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

“አለ በይኝ።”

“አለ” አልኳቸው።

እኔ ምን አውቄ? አለ ብዬ አምን ነበር እንጂ ያየሁት፣ የሰማሁት የለም። እሳቸው ግን እጄን ሳሙኝ፤ መምህር አባቴን መርቀው፣ ያን ሁሉ መንገድ እንደ ልጃገረድ እየፈጠኑ ተመለሱ።

ደርግ ወደቀ። በዓመቱ ከገዳሪፍ የተመለሰ አንድ ሰው መርዶውን ይዞ ገሳይ ገባ። ደርሶ ሱዳን ከገባ ብዙም አልቆየም፤ ወባ ነው የጣለው። ቀኑን ሰውዬው በትክክል አያስታውስም፤ በዚያው ዓመት ሰኔ እንደገባ ነው አለ። ቄስ አልነበረም፣ ፍትሐት አልደረሰውም። አብረውት የነበሩት ክርስትና ስሙን እንኳ ስለማያውቁ ዝም ብለው ነው የቀበሩት።

ለልቅሶው ሄድኩ። ያቺ “አለ” ያልኳት ቃል መንገዱን ሁሉ አብራኝ ሄደች። አባቴ ያኔ አርፈዋል፤ ማንን ልጠይቅ? ድንኳኑ ጭር ሲል እትዬ አንጓች እግር ሥር ወደቅሁና ሁሉንም ነገርኳቸው። የተቆለፈውን በር፣ መፋቂያውን፣ አሥራ ሦስቱን ፊደል፣ ሳላውቅ አለ ማለቴን።

ይቆጡኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ጣታቸውን እያጠፉ መቁጠር ጀመሩ። ሰኔ እንደገባ፤ ሰኔ ሚካኤል ደግሞ በአሥራ ሁለት።

“አርባው ሳይወጣ ነዋ” አሉ። “ልጄ ያለ አንድ ነፍስ ይማር ተቀበረ ብዬ አንጀቴ ሲቃጠል ነበር። ለካ ደጀ ሰላሙ ሙሉ ሰው ብሎለታል፤ ያውም በክርስትና ስሙ። እኔ ብቻ ነኝ ያን ቀን ያላልኩት።”

ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ቀስ ብለው “ነፍስ ይማር” አሉ። እኔም አልኩ።

አሁን ልጄ ኮምፒውተር ትማራለች። ይህን ስነግራት ሳቀችብኝ፤ “እማዬ፣ አሥራ ሦስት ሰረዝ ብትደረድሪም እኮ ይሠራ ነበር” አለችኝ። እውነቷን ነው። ያን ቀን ያን ማሰብ እንዴት እንዳቃተኝ አላውቅም፤ ፍርሃቱ ይሆናል፣ ባዶ ቦታ ይከሳል እየተባልኩ ማደጌም ይሆናል። “አለ” ማለቴ ዛሬም ይቆጨኛል፤ እትዬ አንጓች ይቅር ቢሉኝም እኔ ራሴን ይቅር አላልኩም። በሰረዙ ግን አይቆጨኝም። ለሰረዝ ማን ነፍስ ይማር ይላል?